ከርዕደ መሬት በኋላ የሰፈር ጉዳት በድሮን መመዝገብ፦ ቁልቁል ብቻ ማንሳት ይበቃል?

ከሰም_ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ታኅሣሥ 26 የደረሰው ብቻ 5.7 ተለክቷል። ሌላ ዙር ቢመጣ የምንሠራበትን የበረራ ዕቅድ ከወዲሁ ጽፈን ማስቀመጥ ፈልገናል።

ሰፈሩ 50 ሄክታር ገደማ ነው። አብዛኛው ቆርቆሮ ክዳን ጭቃ ቤት፣ ጥቂቱ ብሎኬት፣ ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ በሰሌን የተሸፈኑ የአፋር ቤቶች አሉ። ያለን ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ ድሮን ከ4 ባትሪ ጋር፣ 32 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ እና ጄኔሬተር ነው። ኢንተርኔት የለም ብላችሁ አስቡት።

በስንት ሜትር ከፍታ እንብረር? ካሜራው ቁልቁል ብቻ ይይ ወይስ በሰያፍም እናንሳ? ደግሞስ ከካርታው ላይ «ፈርሷል / ተጎድቷል / ደህና ነው» ብለን የምናወጣው ዝርዝር ለእርዳታ ክፍፍል ይበቃል?

ካዳስተር37

ከቁጥሩ ልጀምር። የዚህ ድሮን ሰፊ ካሜራ ከ80 ሜትር ሲያነሳ አንዱ ፒክስል መሬት ላይ 2.1 ሴ.ሜ. አካባቢ ነው፤ አንድ ፎቶ 113 በ85 ሜትር ይይዛል። የፊት መደራረቡን (ቀጥሎ የሚነሳው ፎቶ የቀደመውን የሚሸፍንበትን መጠን) 80 በመቶ፣ የጎኑን 70 በመቶ ካደረጋችሁ በየ17 ሜትሩ አንድ ፎቶ ይነሳል፤ በበረራ መስመሮች መካከል 34 ሜትር ይሆናል። ከሰፈሩ ዳር በየአቅጣጫው 40 ሜትር ጨምሩ፤ አለበለዚያ የመጨረሻዎቹ ቤቶች በሁለትና በሦስት ፎቶ ብቻ ይገቡና ተጣመው ይወጣሉ። ይህን ጨምሮ 1,100 ፎቶ ገደማ ይሆናል፤ በሰከንድ 8 ሜትር ፍጥነት መዞሪያውን ጨምሮ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ ሙቀት ከአንድ ባትሪ 25 ደቂቃ ብቻ ጠብቁ፤ 30 በመቶ ሲቀር አውርዱት። ስለዚህ ሁለት ባትሪ ጥብቅ ነው፣ ሦስተኛው ይዘጋጅ።

60 ሜትር ብትወርዱ ፒክስሉ 1.6 ሴ.ሜ. ይሆናል፣ የፎቶው ብዛት ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። የምታተርፉት ነገር የለም። የግድግዳ ስንጥቅ በሁለቱም አይታይም፤ የመሬት ስንጥቅ ደግሞ 5 ሴ.ሜ. ከሰፋ ከ80 ሜትርም ይለያል። ጊዜውን ለሰያፉ በረራ አቆዩት።

ማቀነባበሪያው ላይ፦ ዌብኦዲኤምን (ፎቶዎቹን አገጣጥሞ ካርታ የሚያወጣውን ሶፍትዌር) ከነሙሉ ጥቅሉ አሁን፣ ኢንተርኔት እያለ ጫኑት። 32 ጊጋ ራም ያለችግር የሚሸከመው 500 ፎቶ ገደማ ነው፤ 1,100ውን አንዴ ብትጭኑበት ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ንጋት ላይ ይቆማል፣ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ሰፈሩን በዋናው መንገድ ለሦስት ክፈሉት፤ ክፍሎቹ አንድ ሁለት የበረራ መስመር ይጋሩ። መጀመሪያ ፈጣኑን ኦርቶፎቶ (ከፎቶዎቹ ተገጣጥሞ እንደ ካርታ የተስተካከለውን ምስል) ብቻ አውጡ። የከፍታ ሞዴሉ ይቆያል፣ ማታውኑ የሚፈለገው ካርታው ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ኦርቶፎቶ ሁሉንም ነገር በቀጥታ ከአናት እንደታየ አድርጎ ስለሚያስተካክለው ግድግዳን ከሥዕሉ ያጠፋል። ጥሬ ፎቶዎቹ ላይ ግን ከመሃል ርቆ ወደ ጎን ጠርዝ የወደቀ ቤት እስከ 35 ዲግሪ ጋደል ብሎ ይታያል፤ ልስኑ ሲረግፍ፣ ግድግዳው ሲያጎነብስ የምታዩት እዚያ ነው። ስለዚህ ገምጋሚው ኦርቶፎቶውን ለቦታ፣ ጥሬ ፎቶውን ለፍርድ ይጠቀም። አንድ ቤት በብዙ ፎቶዎች ላይ ስለሚገኝ ከየአቅጣጫው መልኩ ተይዟል።

ሰያፉን ደግሞ ሰፈሩን በሙሉ በአራት አቅጣጫ አትብረሩት፤ ባትሪያችሁ አይችለውም። ቁልቁሉ ካለቀ በኋላ ጥርጣሬ ያለባቸውን ብሎኮች ብቻ ምረጡና በ50 ሜትር ከፍታ፣ ካሜራውን 45 ዲግሪ አጋድላችሁ፣ መንገዱን ተከትላችሁ በግራም በቀኝም አንሱ።

ዋልታና_ማገር

ከዝርዝሩ ላይ «ደህና ነው» የሚለውን ዓምድ ሰርዙት። በእሱ ምትክ «ከላይ ጉዳት አልታየም» ይባል። ይህን የምለው ለቃላት ስስት አይደለም፤ ጭቃ ቤት ከአናት ሲታይ ይዋሻል።

ምክንያቱ አሠራሩ ነው። ክዳኑን የተሸከሙት የማዕዘን ቋሚዎችና አግዳሚዎቹ ናቸው፤ ጭቃው በመካከል የተመረገ ሙሌት ነው። ሲናወጥ መጀመሪያ የሚረግፈው ምርጉ ነው፤ ቋሚዎቹ ሥራቸው በምስጥ ካልተበላ እንጨቱ ተጣሞ ይቆማል፣ ቆርቆሮውም እንዳለ ይቀመጥበታል። ግማሽ ግድግዳው ወደ ውስጥ የተኛ ቤት ከላይ ንጹሕ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። የክዳኑ ክፈፍ ከግድግዳው ወጣ ማለቱ ደግሞ የተረፈውን ይሸፍነዋል። ብሎኬቱ ተቃራኒ ነው፦ ክብደቱ ራሱ ይጎዳዋል። ከላይ የሚታሰር የኮንክሪት ቀለበት ከሌለው የጣሪያው ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ቀድሞ ወደ ውጭ ይወድቃል፣ ከበርና ከመስኮት ጥግም ሰያፍ ስንጥቅ ይነሳል። የወደቀውን ድሮኑ ያየዋል፤ ስንጥቁን አያየውም። የሰሌኑ ቤት ቀላልና ተለማጭ ስለሆነ መናወጡን ይችለዋል፤ እዚያ የሚፈለገው የቤት ጉዳት ሳይሆን ከቦታው የተነሳና ያልተነሳ ቤት ቆጠራ ነው።

በአውሮፓ ማክሮሴይስሚክ ሚዛን (የርዕደ መሬት ጉዳት መመዘኛ) ከቀላል ጉዳት (1ኛ) እስከ ሙሉ መፍረስ (5ኛ) አምስት የጉዳት ደረጃ አለ። ከአየር ላይ በእርግጠኝነት የሚለዩት 4ኛውና 5ኛው ናቸው። 2ኛና 3ኛ ላይ ያሉት፣ ማለትም ሰው ገብቶ ሊያድርባቸው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር የሚነሳባቸው ቤቶች፣ ከሞላ ጎደል ያመልጣሉ። የድሮኑ ካርታ ቡድኑ የትኛውን ቤት ቀድሞ እንደሚጎበኝ ይወስን፤ የትኛው ቤት እንደማይጎበኝ ግን አይወስን።

ቆርቆሮ ላይ የሚያሳስቱ ነገሮች፦

ነፋስ እንዳይወስደው የተጫነ ድንጋይ ፍርስራሽ ይመስላል። የዛገ ቆርቆሮ ቀዳዳ ይመስላል፤ ጥላ ካለው ቀዳዳ ነው፣ ከሌለው ዝገት ነው። ኦርቶፎቶ ላይ የክዳን ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ የሶፍትዌሩ ስህተት ነውና ጥሬውን ተመልከቱ። ክዳን የሌለው ቤት ሁሉ አልፈረሰም፤ ገና ያልተጠናቀቀ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ባለቤቱ ሲለቅ ቆርቆሮውን ነቅሎ ለመጠለያ ወስዶታል። ለዚህ የቆየ የሳተላይት ምስል አስቀድማችሁ ላፕቶፑ ላይ አውርዱና አስተያዩ። እውነተኛው ምልክት የክዳኑ አናት መስመር ነው፤ ቀጥ ማለት ያለበት መስመር መሃሉ ላይ ከሰረገደ ወይም ጥላው ከጎረቤቱ ጥላ የተለየ ቅርጽ ካለው ከሥር የሆነ ነገር ለቅቋል።

ለምድር ቡድኑ ኪውፊልድን (ካርታ ላይ መረጃ የሚመዘገብበትን መተግበሪያ) ስልክ ላይ ጫኑ፤ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። የቤት ቅርጾችን ከኦፕን ስትሪት ማፕ ወይም ከጉግል ኦፕን ቢልዲንግስ ቀድማችሁ አውርዱና ለእያንዳንዱ ቤት መለያ ቁጥር ስጡ። ቅርጾቹን ከኦርቶፎቶው ጋር አመሳክሩ፤ ተያይዘው የተሠሩ ቤቶችን አንድ አድርጎ የመቁጠር ጠባይ አላቸው። በአንድ ቡድን ሁለት ሰው፣ አንዱ ግንባታ የሚያውቅ፣ ሌላው ቤተሰቦቹን የሚያውቅ የቀበሌ ሰው ይሁን። ለአንድ ቤት ሦስት ፎቶ ይበቃል፦ ፊት ለፊቱ፣ በጣም የተጎዳው ማዕዘን፣ ውስጡ በበር ቆሞ። ወደ ውስጥ አይገባም።

እያንዳንዱ መዝገብ ላይ ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓትም ይጻፍ። በዚያ አካባቢ መናወጡ አንዴ መጥቶ የሚያበቃ አይደለም፤ ጠዋት የተመዘገበ ቤት ከሰዓት ሌላ ደረጃ ላይ ሊሆን ይችላል።

ፕሮፔለር

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን በረራው ራሱ የሚበላሸው በሌላ በኩል ነው።

ፈቃድ፦ የድሮን ጉዳይ በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርና በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በኩል ያልፋል። የአደጋው ዕለት ማመልከቻ ይዞ መሮጥ አይሆንም። የመሣሪያውን መለያ ቁጥር፣ የአብራሪውን ስም፣ የሰፈሩን ወሰን በኮኦርዲኔት አሁን አስገቡ። የአካባቢው የጸጥታ አካል ደግሞ በየበረራው ቀን በስልክም በአካልም ይወቅ።

ሰው፦ በአገራችን ብዙ ቦታ «ድሮን» ሲባል ሰው የሚያስበው ካርታ አይደለም። ድምፁን ሰምቶ ሕፃን ይዞ የሚሮጥ አለ፤ በርዕደ መሬት የተሰነጠቀ ቤት ውስጥ ሮጦ መግባት ደግሞ ራሱ አደጋ ነው። ከመብረራችሁ በፊት በሽማግሌዎችና በመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ በአፋርኛም በአማርኛም አስነግሩ። ድሮኑን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ አሳዩ፤ የሚነሳበትና የሚያርፍበት ቦታ ግልጽ ይሁን።

ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት። ከዚያ በፊት ጥላው ረጅም ስለሆነ መንገዱን ይሸፍናል፤ ከዚያ በኋላ አቧራ የሚያነሳው አዙሪት ነፋስ ይጀምራል፣ የመሣሪያውም የሙቀት ወሰን 40 ዲግሪ ነው። ባትሪዎቹን መኪና ውስጥ አትተዉ፤ ጥላ ውስጥ፣ ክዳኑ ገርበብ ባለ ሳጥን ይቀመጡ። ከበረራ የወረደ ባትሪ ሳይበርድ ቻርጅ ላይ አይሰካም። አንዱን ለመሙላት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ዕቅዳችሁ ይህን ያስብ።

ብርሃን፦ አዲስ ቆርቆሮ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ አውቶማቲክ ከተዋችሁት ክዳኑ ነጭ ይሆንና ምንም አይነበብም። ሹተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ ላይ፣ ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) በ0.7 ዝቅ አድርጉ። የጨለመ ጥላ በኋላ ይታረማል፣ የነጣ ክዳን አይመለስም።

ጭላት ቢጠጋ ወደ ጎን አትሽሹ፣ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡ።

ደግሞ ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ የሚልክ ሰው ሁልጊዜ አለ። ምስሉ ይጨመቃል፣ የቦታ መረጃው ይጠፋል፣ ለማቀነባበሪያም አይሆንም። መላክ ግድ ከሆነ እንደ ፋይል ይላክ። የሰው ፊትና የግቢ ውስጥ ገመና ስለሚታይበት ደግሞ ወደ ግሩፕ ጨርሶ አይለቀቅ።

ደገኛው

በጎፋ በኩል ያለነው ይህን ዕቅድ እንዳለ ብንወስደው ይከሽፋል፤ መሬቱ ተዳፋት ነውና። ድሮኑ 80 ሜትር የሚቆጥረው ከተነሳበት ነጥብ ነው። ተዳፋቱ 50 ሜትር ከወጣ ከላይኛው ቤት በላይ የቀራችሁ 30 ሜትር ነው፤ ያ ፎቶ 42 ሜትር ብቻ ይሸፍናል፣ መስመሮቹ ግን አሁንም 34 ሜትር ተራርቀዋል። የጎን መደራረቡ ከ70 በመቶ ወደ 20 ይወርዳል፣ ካርታው መሃል ላይ ይቀደዳል። መሬቱን ተከትሎ የመብረር ምርጫውን አብሩ፤ የከፍታ መረጃውን ቀድማችሁ ጫኑበት። መረጃው ግን ረጅም ዛፍንና የመብራት ምሰሶን አያውቅም። ማስነሻችሁ ደግሞ ከፍ ካለው ቦታ ይሁን።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰው ያለቀበትን ናዳ አስታውሱ። የመጀመሪያውን ናዳ ሊቆፍር የተሰበሰበውን ሰው ሁለተኛው ናዳ ነው የደረሰበት። ስለዚህ ናዳ ላይ የመጀመሪያው በረራ ለቤት ቆጠራ አይደለም። ከናዳው አናት በላይ 200 ሜትር ያህል ርቃችሁ ጉብታውን ተመልከቱ፦ እንደ ማጭድ የጎበጠ ስንጥቅ፣ ወደ ቁልቁለት ያዘነበለ ዛፍ፣ ትናንት ያልነበረ ምንጭ ወይም ኩሬ። አንዱ ከታየ ቆፋሪ አይገባም። አራት ባትሪ ከመቶ ደቂቃ ብዙም አይዘልም፤ ስለዚህ ድሮኑን ዘበኛ ለማድረግ አትሞክሩ፣ ፊሽካ የያዘ ሰው ከጎን ባለ ጠንካራ መሬት ላይ ይቁም። ማቪኩ ዝናብ አይችልም፤ ክረምት ላይ ጉሙ የሚገለጥበትን ሰዓት ጠብቃችሁ ነው የምትሠሩት።

ከሰም_ዳር

እጅግ እናመሰግናለን። «ደህና» የሚለው ዓምድ ወጥቷል። አንድ ነገር ይቀራል፦ የሙከራ ኦርቶፎቶ አውጥተን በወረዳው የቆየ ፕላን ላይ ስንጭነው ሁሉም ቤት ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። መሬት ላይ መቆጣጠሪያ ነጥብ (ቦታው በትክክል የተለካ፣ ፎቶ ላይ የሚታይ ምልክት) ስላላኖርን ይሆን?

ካዳስተር37

አይደለም። ያለ መቆጣጠሪያ ነጥብ የሚመጣው ስህተት ጥቂት ሜትር ነው። 200 ሜትር ሲሆን ፕላኑና ድሮኑ ቦታን የሚለኩበት መነሻ ሥርዓት ተለያይቷል፤ ፕላኑ በቆየው በአዲንዳን፣ ድሮኑ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊውጂኤስ 84 ነው ማለት ነው። ኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) ውስጥ የፕላኑን የኮኦርዲኔት ሥርዓት ኮድ 20137፣ የኦርቶፎቶውን 32637 አድርጉት፤ ሁለቱም ዞን 37 ሰሜን ናቸው። በእጅ እየጎተታችሁ አታገናኙት፤ በአንዱ ጫፍ ገጥሞ በሌላው ይስታል፣ የቤት መለያ ቁጥሮቹም ወደ ጎረቤት ይዞራሉ። የተቃኘ ወረቀት ብቻ ከሆነ ፕላኑ ላይ የታተሙትን የፍርግርግ መስቀለኛ ነጥቦች ቢያንስ ስድስት ወስዳችሁ በአዲንዳን አስሩት፣ ከዚያ ይቀየር።

መቆጣጠሪያ ነጥቡ የሚያስፈልጋችሁ ለሌላ ነው፦ የመሬት ስንጥቅ በሁለት በረራ መካከል ተራዝሞ እንደሆነ ለማየት። ከስንጥቁ ራቅ ባለ ጠንካራ ቦታ ከ5 እስከ 8፣ 60 ሴ.ሜ. የሆነ ጥቁርና ነጭ ምልክት በኖራና በቀለም አኑሩ፤ ለሁለተኛውም በረራ እዚያው ይቆዩ። የስንጥቁን ስፋት ግን ከፎቶ አትለኩት። በግራና በቀኙ የብረት ካስማ ትከሉና በሜትር ለኩ፤ ርዝመቱንና አቅጣጫውን ከካርታው ውሰዱ።