ለፎቶ ቤት የሚሆን የኦንላይን ማስቀመጫ የትኛው ነው?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ሦስት ሠራተኛ ያለው ፎቶ ቤት ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስት ሰርግ ይነሳል። አንዱ ሰርግ 2000 ያህል ፎቶ ይሆናል፤ ካሜራው ባለ 24 ሜጋፒክስል፣ የሚነሳው በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ነው። ሙሽሮቹ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ወይ ውጭ አገር ስለሚሄዱ፣ የአልበሙን ፎቶ ካሉበት ሆነው መምረጥ አለባቸው። ጎግል ፎቶስ፣ ድራይቭ፣ ድሮፕቦክስ፣ የቱ ይሻላል? ነፃውስ ይበቃል?

ከባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ ማስቀመጥ ሌላ ማሳየት ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ቦታ ልጨርስ ስትል ነው ኪስህም ኔትወርክህም የሚደክመው። ሂሳቡን እየው፦ አንዱን ሮው 25 ሜጋባይት ብትለው የአንድ ሰርግ 50 ጊጋባይት ነው። በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚጭን መስመር፣ ምንም ሳይቋረጥ፣ ወደ 28 ሰዓት ይፈጃል። መብራት ሳይጠፋ 28 ሰዓት? ተወው።

ሮው ፎቶው በሁለት ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ። ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ለምርጫ የሚታየው ብቻ ይሁን። በላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ረጅሙን ጎን 2048 ፒክስል፣ ጥራቱን 80 አድርገህ በጄፔግ አውጣ። አንዱ 800 ኪሎባይት ገደማ ቢሆን 600 ፎቶ 480 ሜጋባይት ነው፤ በዚያው መስመር በሩብ ሰዓት ያልቃል። ለስልክ ከበቂ በላይ ነው፣ ለአልበም ህትመት ግን አያስኬድም፤ ሂሳብ ሳይዘጋ የሚወስድብህም የለም።

ነፃውን በተመለከተ፦ ጎግል 15 ጊጋባይት ይሰጣል፣ ግን ፎቶስ፣ ድራይቭና ጂሜል በጋራ የሚጠቀሙበት ነው። ሲሞላ ፎቶ መጫን ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ ኢሜይል መግባትም ያቆማል። የደንበኛ መልእክት የሚመጣበትን አድራሻ ለፎቶ ማከማቻ አታድርገው። ድሮፕቦክስ በነፃ 2 ጊጋባይት ነው፣ ለአራት ሰርግ እንጂ ለወቅቱ አይሆንም።

ከእንጅባራ፦
በሂሳቡ እስማማለሁ። ጎግል ፎቶስን ግን ለሥራ አልመክርም። በስልኩ መተግበሪያ ላይ ባክአፕ የተደረገ ፎቶ ስትሰርዝ ከስልኩም ከኢንተርኔቱም ይጠፋል። ሠራተኛው «ስልኬ ሞላ» ብሎ ያጸዳል፣ ፎቶው መጣያ ውስጥ 60 ቀን ይቆይና ያበቃለታል። «የቦታ ቆጣቢ» የሚለው ምርጫ ደግሞ ከ16 ሜጋፒክስል በላይ የሆነውን ያሳንሳል፤ ከባለ 24ው ካሜራ የወጣውን ማለት ነው።

ለምርጫ ፒክሲሴትን፣ ደንበኛ ፎቶ እያየ የሚመርጥበትን ድረ ገጽ፣ ሞክረው። ነፃው 3 ጊጋባይት ነው፤ ሙሽራዋ የወደደችው ላይ ልብ ትጫናለች፣ አንተ ዝርዝሩን ታወጣለህ። በድራይቭ ሲሆን «ከላይ ሦስተኛዋ፣ እማማ የሚስቁባት» የሚል የድምፅ መልእክት ነው የሚመጣልህ። ምርጫው ሲያልቅ ጋለሪውን ሰርዘህ ለቀጣዩ ሰርግ ቦታ አስለቅቅ።

የተጠናቀቁትን ፎቶዎች በቴሌግራም የምትልክ ከሆነ «በፋይል» ብለህ ላክ። በፎቶ ከላክኸው ይጨመቃል፤ ከዚያ ታትሞ ሲደበዝዝ ወቀሳው ወዳንተ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦
ያልተነሳ ነገር አለ፦ የባለቤትነት ጉዳይ። በተራ ድራይቭ አንድ ሠራተኛ በጋራ ፎልደር ውስጥ የጫነው ፋይል የሱ ነው፤ የሚቆጠረውም ከሱ ኮታ ነው። ሥራ ለቆ አካውንቱን ቢዘጋ ፋይሉም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉም በፎቶ ቤቱ አካውንት ይጫን፤ የይለፍ ቃሉና የማረጋገጫው ስልክ በባለቤቱ እጅ ይሁን።

የፎልደር ስም ከዓመቱ ይጀምር፦ 2017-05-11፣ ከዚያ የሙሽሮቹ ስም በላቲን ፊደል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ሁሉም በእኛው ይሁን፤ ካሜራው የሚመዘግበው በፈረንጁ ስለሆነ ሲደባለቅ ፍለጋው ያሰለቻል። ቀኑን በእዝባር መለየት አይሆንም፣ ዊንዶውስ አይቀበልም። የአማርኛ ስምም አንዳንድ ዚፕ (የታሸገ ፋይል) መፍቻ ላይ ተበላሽቶ ይወጣል። ዚፕ ካነሳን፣ ከድራይቭ ትልቅ ፎልደር ሲወርድ በየ2 ጊጋባይቱ ይከፋፈላል፤ ደንበኛው አንዱን ብቻ አውርዶ «ግማሹ የለም» ይልሃል። አስቀድመህ ንገረው።

ዲስኩን ደግሞ ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት አድርገው። ኤክስፋት (exFAT) በሚባለው በሌላው አደረጃጀት ከሆነ፣ ፋይል እየተገለበጠ መብራት ከሄደ የፋይል ሰንጠረዡ በቀላሉ ይበላሻል። የፋይሉ ብዛትና ጠቅላላ ባይቱ በሁለቱም ዲስክ እኩል መሆኑን ሳታይ የካሜራውን ካርድ አታጥፋ።

ጠያቂ፦
ሁለቱም ዲስክ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ቢሆንስ? ክፍያ ጀምሬ መክፈል ባልችልስ?

ከባሕር ዳር፦
ሌባ ወይ እሳት ከገባ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ማታ ማታ ቤት ይደር። ክፍያ ቢቋረጥ ጎግል ወዲያው አይሰርዝም፣ አዲስ መጫን ግን ይዘጋል፤ ከኮታ በላይ ሆኖ 2 ዓመት ከቆየ ሊሰርዘው ይችላል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያለ ፋይል እንዳይኖርህ።