ለስልኬ የትኛው ቪፒኤን ይሻለኛል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስልኬ ሳምሰንግ ነው። ቦሌ ካፌ ቁጭ ብዬ በዋይፋያቸው የደንበኞቼን ፋይል እልካለሁ። በየካቲት 2015 ቴሌግራም ሲዘጋ ያወረድኩት ነፃ ቪፒኤን (ኢንተርኔቱን ሸፍኖ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አፕ) አሁንም አለኝ፤ ማስታወቂያው ግን መቀመጫ ነሳኝ። የትኛውን ልጫን?

መልስ፦ እህቴ፣ እሱን ዛሬውኑ አጥፊው። ቪፒኤን ስትከፍቺ ካፌው የማያየውን ነገር ለቪፒኤኑ ባለቤት አደራ እየሰጠሽ ነው። ማንነቱ ለማይታወቅ ድርጅት አደራ አይሰጥም! እኔ የምጠቀመው ፕሮቶን ቪፒኤን ነው። የስዊዘርላንድ ነው፤ ነፃውም የዳታ ገደብ የለውም። የምትገናኚበትን አገር ግን አያስመርጥም፣ ራሱ ይመርጥልሻል። ፕሌይ ስቶር ላይ የአዘጋጁን ስም በደንብ እዪ፤ አስመስለው የሚሠሩ ሞልተዋል። መጀመሪያ ስታገናኚው ስልኩ ፈቃድ ይጠይቅሻል፣ እሺ በዪው። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ኮኔክሽንስ፣ ቀጥሎ ሞር ኮኔክሽን ሴቲንግስ፣ ቪፒኤን ግቢና ከፕሮቶን ስም ጎን ያለውን የማርሽ ምልክት ነክተሽ «ኦልዌይስ ኦን»ን (ሁልጊዜ እንዲበራ የሚያደርገውን) አብሪ። ከላይ የቁልፍ ምልክት ካየሽ ሠርቷል።

ሌላ መልስ፦ ዳታና ባትሪ ትንሽ ይበላል። የባንክ አፕ እምቢ ካለሽ ለጊዜው አጥፍተሽ ሞክሪ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ! ኢንተርኔት ጭራሽ ሲቋረጥስ?

መልስ፦ ያኔ አይሠራም። የሚሄደው በዚያው መስመር ላይ ነው። አንድ አፕ ወይም ድረ ገጽ ብቻ ሲዘጋ ነው የሚረዳሽ። ስለዚህ አሁኑኑ ጫኚው፤ ከተዘጋ በኋላ ማውረዱ ራሱ ያስቸግራል።