ወደ ቲሩማላ በእግር የምናደርገው የጋራ ጉዞ፦ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ

የተከበራችሁ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እዚህ ቪሳካፓትናም አብረውን የሚማሩት የህንድ ጓደኞቻችን በፌብሩዋሪ የሂንዱዎች ቅዱስ ስፍራ ወደሆነው ወደ ቲሩማላ ተራራ በእግራቸው ሲወጡ አብረናቸው እንድንጓዝ መጋበዛቸውን በስብሰባው ላይ ሰምታችኋል። ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበውን የጋራ ሐሳብ እዚሁ እየተነጋገርን እንድንጽፈው በተወሰነው መሠረት መነሻውን አቀርባለሁ።

ከቪሳካፓትናም በተራራው ሥር እስካለችው ከተማ እስከ ቲሩፓቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊቱን በባቡር እንጓዛለን። በከተማዋ ዳርቻ አሊፒሪ ከሚባለው የተራራ ግርጌ ተነሥተን 3,550 ደረጃ እንወጣለን፤ መንገዱ በጠቅላላው 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቬንካቴስዋራ የሚባለው የሂንዱ አምላክ ቤተ መቅደስ የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለጎንደርና ለመንዝ ልጅ ይህ ቆላ ነው፤ የሚያደክመው ከፍታው ሳይሆን ደረጃው ነው።

በየትኛው ቀን እንደምንሄድና በየትኛው መንገድ እንደምንወጣ ገና አልተወሰነም። ከሁለቱም የሚከብደው ግን ላይ ከደረስን በኋላ ምን እናደርጋለን የሚለው ስለሆነ ከእርሱ ብንጀምር ይሻላል።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ

እኔ የሚከብድ ነገር አልታየኝም። በቀን ከ60,000 እስከ 80,000 ሰው የሚያስተናግድ ቤተ መቅደስ ነው። ከሰው ጋር ተሰልፈን ገብተን፣ አይተን እንወጣለን። ጋባዦቻችን እስከ ደጃፉ ድረስ ወስደውን እኛ ከደጅ ብንመለስ ቅር አይላቸውም?

የምጣኔ ሀብት ተማሪ

ወንድሜ፣ ሂንዱ ያልሆነ ሰው እንዲሁ ሰተት ብሎ አይገባም፤ የሚፈረም ቅጽ አለ። ስምህንና ሃይማኖትህን ከጻፍህ በኋላ በጌታ ቬንካቴስዋራ እምነት እንዳለህና ለአምልኮው ክብር እንደምትሰጥ አረጋግጠህ፣ እንድትገባ እንዲፈቀድልህ ትጠይቃለህ። እኔ ሙስሊም ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ያለውን ደረጃ ሁሉ እወጣለሁ፤ ያላመንሁበትን ቃል ግን አልፈርምም። ፈርሜ ብገባ የምዋሸው በእነርሱ አምላክ ስም ነው። ከደጅ ብመለስ ቅር ቢላቸው እንኳ ይህኛው የባሰ ነው።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ

የቀድሞው የህንድ ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም እኮ ሙስሊም ነበሩ፤ እርሳቸውም ፈርመው ገብተዋል።

የምጣኔ ሀብት ተማሪ

ፈርመዋል። የፈረሙት በራሳቸው ልብ፣ በራሳቸው ስም ነው። እኔ የምቃወመው ማኅበሩ የአርባ ሰው ስም ይዞ አንድ ላይ ሲያስፈርም ነው።

የማኅበሩ አማካሪ

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም የተናገራችሁት ተገቢ ነው። ረቂቁ እንዲህ ቢል ደስ ይለኛል፦ «ማኅበሩ የሚጓዘው ጓደኞቻችንን በመንገዳቸው ለማጀብ ነው። ማኅበሩ እንደ ማኅበር ወደ ውስጠኛው ቤተ መቅደስ አይገባም። በግሉ የሚገባ አባል ካለ ቅጹን አንብቦ በራሱ ስም ይፈርማል፤ የሚያግደውም የሚገፋፋውም የለም።» ይህን ለጋባዦቻችን ከመነሣታችን በፊት እንንገራቸው። ተራራው ላይ ደርሶ «እኔ አልገባም» ማለት ነው ሰውን የሚያስከፋው።

የኬሚስትሪ ተማሪ

ጋሼ፣ ስለ ጋባዦቻችን አንድ ነገር ልጨምር። የቤተ ሙከራ ባልደረባዬን ጠይቄአት ነበር። እንኳን ቅር ሊላት፣ ከእኛ የምትፈልገው ሌላ ነገር ነው። እህቴን የመሰለች ልጅ ናት፤ ወንድሟ ከሕመም ስለ ተነሣ ስለት አለባት። በአንድ እጇ የእርድ ዱቄት፣ በሌላው ኩምኩም የሚሉትን ቀይ ዱቄት ይዛ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ጎንበስ እያለች ቢጫውን በጣቷ ትቀባለች፤ በላዩም ቀይ ነጥብ ታሳርፋለች። አንዳንዶቹ ካምፎር የሚሉትን መዓዛ ያለው ሙጫ ያበሩበታል። እንግዲህ 3,550 ጊዜ ጎንበስ ቀና ማለት ምን እንደሆነ አስቡት! የምትለምነኝ አጠገቧ ሆኜ ውኃ እንዳቀብላትና ወገቧን ሲይዛት አረፍ እንድትል እንድነግራት ነው።

ስለዚህ በዕቅዱ ላይ ቡድኑ ሁለት መሆኑ ይጻፍልኝ። ባዶውን የሚወጣ ሰው በሦስት ወይም በአራት ሰዓት ይደርሳል። ባለ ስለቶቹ ግን ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል፤ ከእነርሱ ጋር ቢያንስ አምስት ትዕግሥተኛ ሰው ያስፈልጋል።

ጸሐፊ

ስለ ቡድኖቹ የተባለው ገብቷል፤ የአማካሪያችን ቃልም እንዳለ በረቂቁ መጀመሪያ ላይ ሰፍሯል። ከባለ ስለቶቹ ጋር የምትሄዱ ስማችሁን ስጡኝ።

የታሪክ ተማሪ

እኔን ጻፈኝ። ጓዝ ስለ መሸከም ደግሞ አታስቡ፤ የቤተ መቅደሱ አስተዳደር የእግረኛውን ጓዝ አሊፒሪ ላይ ተረክቦ ያለ ክፍያ ወደ ላይ ያደርስለታል።

መንገዱን በተመለከተ፣ ሌላም አማራጭ እንዳለ ሁሉም ይወቅ። በቻንድራጊሪ በኩል ያለው ስሪቫሪ ሜቱ 2,388 ደረጃ ብቻ ሲሆን ርዝመቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር ጥቂት ብቻ ይበልጣል። አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ዳገት ነው። እኔ አሊፒሪን የምመርጠው አብዛኛው መንገድ ጣሪያ ስላለው ብቻ አይደለም፤ ታሪኩም ያለው እዚያ ነው። ከመነሻው ላይ ፓዳላ ማንዳፓም የሚሉት አዳራሽ አለ፤ ሰዉ የብረት ጫማ በራሱ ላይ ተሸክሞ ሲዞር ታያላችሁ። ከዚያ ጋሊ ጎፑራም እስከሚባለው ረጅም የበር ግንብ ድረስ ከ2,000 የሚበልጥ ደረጃ እንወጣለን፤ ጉልበት የሚፈተነው እዚህ ነው። ከግንቡ በኋላ መንገዱ ለጥ ይልና ሰው ያበቃ ይመስለዋል። መጨረሻ ላይ ግን ሞካላ ሜታ ይጠብቃል፤ ብዙዎች ይህን በጉልበታቸው ይወጡታል። በተራራው ቅድስና ምክንያት በእግሩ መርገጥ ስላልፈለገ በጉልበቱ ስለ ወጣ አንድ መምህር የሚተርኩት ትውፊት አላቸው። የቀድሞው የደቡብ ህንድ መንግሥት የቪጃያናጋራ ንጉሥ ክሪሽናዴቫራያም ወደዚህ ቤተ መቅደስ ሰባት ጊዜ መጥቷል፤ የእርሱና የሁለት ሚስቶቹ ሐውልት ዛሬም ውስጥ ቆሟል። የማይገባ ሰው ይህን አያይም፤ እኔም በእርሱ ብቻ እንደሚቆጨኝ አልደብቅም።

ገንዘብ ያዥ

ታሪኩ ግሩም ነው፤ ቀኑስ?

የነርሲንግ ተማሪ

ቀኑን በተመለከተ እኔ ልናገር። ከኖቬምበር እስከ ዲሴምበር ያለው ዝናብ አይሆንም፤ በ2021 ጎርፉ የስሪቫሪ ሜቱን መንገድ አፍርሶት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ከኤፕሪል ጀምሮ ደግሞ ቲሩፓቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ትነድዳለች። በዓላቱንም መሸሽ አለብን። በጃንዋሪ 2025 ለቫይኩንታ ኤካዳሲ በዓል የመግቢያ ቲኬት ሲታደል በቲሩፓቲ ከተማ ሰው ተረጋግጦ 6 ሰዎች ሞተዋል። እንግዳ ሆኖ በእንዲህ ያለ ግርግር ውስጥ መገኘት አያስፈልግም።

ከእኛም በኩል ጾሞች አሉ። ነነዌ በፌብሩዋሪ 4 ያበቃል፤ ዓቢይ ጾም በ16 ይገባል፤ ረመዳንም በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ዓርብ ፌብሩዋሪ 6 ማታ ተነሥተን፣ ቅዳሜ ቲሩፓቲ አርፈን፣ እሑድ ፌብሩዋሪ 8 ማለትም የካቲት 1 ቀን 2018 በማለዳ መውጣት ብንጀምር ከሁሉም ጋር እንታረቃለን።

በጤና በኩል፣ አስተዳደሩ ራሱ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ፣ የልብና የአስም ሕመም ያለባቸው ሰዎች በእግር እንዳይወጡ ይመክራል። አስም ያለባችሁ ሁለት አባላት እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስማችሁን አልጠራም፤ በአውቶቡስ ወጥታችሁ ላይ ትጠብቁናላችሁ። በዚህ አልደራደርም።

ሁለት ልጆች ያሏት አባል

ልጆቼን ይዤ ልመጣ አስቤ ነበር። ስለ ነብር የሰማሁት እውነት ነው?

የነርሲንግ ተማሪ

እውነት ነው፣ እህቴ። በኦገስት 2023 አንዲት የስድስት ዓመት ሕፃን ከወላጆቿ ጋር በአሊፒሪ መንገድ ስትወጣ ነብር ገድሏታል። ከዚያ በኋላ ሕፃናት ከቀትር በኋላ እንዳይወጡ ተከልክሏል፤ እግረኞችም ተቧድነው እንዲሄዱ ይደረጋል፤ ዱላም ይታደል ነበር። ልጆቹን በአውቶቡስ እንድትወስጃቸው እመክርሻለሁ። በእግር ይሁን ካልሽም ከፊተኛው ቡድን ጋር፣ በጠዋቱ፣ እጃቸው ከእጅሽ ሳይለይ ነው።

የሕግ ተማሪ

እኔን የሚያሳስበኝ ማተቤ ነው። ፍተሻው ላይ አውልቅ ቢሉኝ ማተቤን አልበጥስም፤ ከዚያው እመለሳለሁ።

የማኅበሩ አማካሪ

በጥስ ያለህ የለም። ተራራው ላይ በሕግ የተከለከለው የሌላ ሃይማኖት ስብከትና ጽሑፍ ማደል ነው። ማተብህን ከልብስህ ሥር አድርገው። መስቀልና ድርሳን አውጥቶ ፎቶ መነሣት፣ ወይም ቡድን ሠርቶ መዝሙር ማሰማት ግን እንዳይሞከር። እኛስ ግሸን ላይ የመጣ እንግዳ እንዲህ ቢያደርግ ምን እንል ነበር?

የምጣኔ ሀብት ተማሪ

የሶላታችንም ነገር እንዲሁ ነው። ሱብሒን ማረፊያችን ሰግደን እንነሣለን፤ ዙሁርን ከወረድን በኋላ እንሰግዳለን። ተራራው ላይ ምንጣፍ አናነጥፍም።

የኬሚስትሪ ተማሪ

ምግብስ? ላይ በቬንጋማምባ አዳራሽ ለሁሉም ሰው በነፃ ይቀርባል፤ ሩዝ፣ ሳምባር የሚሉት የክክ ወጥ፣ አትክልት። ሥጋ፣ እንቁላል፣ መጠጥና ሲጋራ በተራራው ላይ ክልክል ነው። ለጾመኛ የተመቸ ይመስላል፤ ከቤተ መቅደሱ የሚሰጠው ላዱ የሚባል ጣፋጭ ግን በቅቤ ነው የሚሠራው!

የሕግ ተማሪ

ላዱው በጾም ቀን ባይሆንም ለጣዖት የቀረበ ነው። እኔ አልበላም።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ

የአንተን ድርሻ እኔ እበላልሃለሁ።

ጸሐፊ

ስለ ላዱ በዕቅዱ አልጽፍም፤ እያንዳንዱ ሰው ከነፍስ አባቱ ጋር ይጨርስ። ግን ሲሰጠን በሁለት እጃችን እንቀበል፤ የማይበላ ለጓደኛው ያሳልፍ። መሬት ላይ ማስቀመጥ ወይም ፊት መመለስ አይገባም።

ስለ አለባበስም ክርክር ሳይነሣ ልቋጨው። ለሚገባ ሰው ወንዱ ዶቲ የሚሉትን ሽርጥ ወይም ነጭ ፒጃማ፣ ሴቷ ሳሪ ወይም ቹሪዳር የሚሉትን ሱሪና ቀሚስ ከነሻርፑ ነው። ለማንገባው ጨዋ ልብስ ይበቃል፤ እህቶች ነጠላ ቢለብሱ ያምራል። በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ባሉት ጎዳናዎች ጫማ ይወልቃል፤ ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ድሮን ክልክል ነው፤ በደጃፉ ፊት አጫጭር ቪዲዮ መቅረጽም እንዲሁ። የላስቲክ ጠርሙስ ስለማይገባ የብረት ኮዳ ያዙ።

ገንዘብ ያዥ

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ። ማረፊያ ማግኘት ከደረጃው ይከብዳል። የውጭ ዜጋ ያሳደረ ሁሉ ስለ እንግዳው የሚያሳውቅ ቅጽ ለመንግሥት መሙላት አለበት። ስለዚህ ርካሾቹ ሎጆች ፊታችንን አይተው «ክፍል የለም» ይሉናል፤ ባለፈው ዓመት በሌላ ከተማ እስከ እኩለ ሌሊት ሻንጣ ይዘን የዞርነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የምንይዘው የውጭ ዜጋ ከሚቀበል ሆቴል ብቻ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል። የባቡሩን እያንዳንዱ ይክፈል፤ ሆቴሉን ግማሽ ማኅበሩ፣ ግማሽ አባሉ ይሸፍን፤ ከተራራው የምንወርድበትን አውቶቡስ ሒሳብ ማኅበሩ ይክፈል።

የታሪክ ተማሪ

የህንዶቹ ጓደኞቻችን በዚያው ሆቴል ያድራሉ ወይ? ለእነርሱ እኮ ርካሹ ሎጅ ክፍት ነው።

የኬሚስትሪ ተማሪ

ጠይቄአለሁ፤ ከእኛ አንለይም ብለዋል። የትርፉን ልዩነት ግን ከእነርሱ መቀበል የለብንም። ጋባዥ ናቸው።

ገንዘብ ያዥ

ይህ ለጉባኤው በድምፅ እንዲወሰን ይቅረብ፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ገንዘብ የማውቀው እኔ ነኝ።

የማኅበሩ አማካሪ

ይቅረብ። ካነሰ እኔ የምችለውን እጨምራለሁ።

ጸሐፊ

ረቂቁን እንደገና አስተካክዬ ለጉባኤው እልካለሁ፤ በጉባኤው የሚነሣው የሆቴሉ ልዩነት ብቻ ነው። የባቡር ቦታ የሚከፈተው ከ60 ቀን በፊት ስለሆነ ሰኞ ዲሴምበር 8 በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ገንዘብ ያዡ ማስያዝ ይጀምራል። የፓስፖርትና የነዋሪነት ፈቃድ ቅጂውን እስከ እሑድ ማታ ያላስገባ አባል ስሙ አይያዝለትም። ከባለ ስለቶቹ ጋር የሚሄድ አንድ ሰው ገና ጎድሎናል።

የሕግ ተማሪ

እኔ እሄዳለሁ። ውኃ ማቀበል ማንም አልከለከለኝም።