ወፍራም ሸራ የሚሰፋ መርፌና ክር ጅማ ውስጥ የት ላግኝ?

ሰላም ወገኖቼ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። አባቴ የተሰጣ ቡና ማታ ማታና ዝናብ ሲመጣ የሚሸፍንበት ወፍራም የጥጥ ሸራ አለን። ጠርዙ ሁለት ክንድ ያህል ተተርትሯል። ላስቲክ ግዛ ይሉኛል፤ ላስቲክ ግን እርጥበቱን አፍኖ ቡናውን ያሻግተዋል፣ ሸራው ይተነፍሳል። ልጥለው አልፈልግም።

በቤት መርፌ ሞከርኩ፤ ጨርቁ ታጥፎ አራት ድርብ የሆነበት ቦታ ላይ ሁለት መርፌ ተሰበረብኝ። የጆንያ መርፌ ገባልኝ፣ ግን የሚተወው ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል። አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት፣ «መኪናዬ አይበሳውም» አለኝ። አምና የሰፋሁበት የጥጥ ክርም ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ጠጥቶ በስብሶ ነው የተበጠሰው።

አሁን የምፈልገው ጫፉ ባለ ሦስት ማዕዘን የሆነ ጠንካራ የእጅ መርፌና ውሃ የማያበሰብሰው ወፍራም የፖሊስተር ክር ነው። ክሩን የማሽበት የማር ሰም አለኝ። መርካቶ ልፈልግ ወይስ ጫማ ሰፊዎቹን ልጠይቅ? ዋጋውንም የምታውቁ ንገሩኝ። የቡና ለቀማው ሳይጀመር መጨረስ አለብኝ።