የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት ሲያፈስ፦ ምን ልግዛ? ለማን ልስጥ?

"የቆየ የጭነት መኪና አለኝ፣ የኋላው ዲፈረንሻል ዘይት ያንጠባጥባል። የትኛው ኦይል ሲል ይሻለኛል? ምን ዓይነት ጋራዥ ልውሰደው?" የሚለው ጥያቄ ስለበዛ ጥቆማዬን አንድ ቦታ ላስቀምጥ። ከወዲሁ ግን ኦይል ሲል (በሚዞር ዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት) መጨረሻ ላይ የሚገዛ ዕቃ መሆኑን ያዙልኝ። አዲስ ኦይል ሲል ገብቶለት ብዙም ሳይቆይ መልሶ ያፈሰሰ መኪና ካያችሁ፣ ዕቃው ፎርጅድ ከመሆኑ ይልቅ አሮጌውን የበላው ምክንያት እዚያው ተቀምጦ የመገኘቱ ዕድል ይበልጣል።

መጀመሪያ የፈሰሰው ነገር ምን እንደሆነ ይለይ። የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራም ነው፣ ድኝ ስላለበትም ይከረፋል፤ አንዴ የነካ እጅ ታጥቦም ይሸታል። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው። ካጠራጠራችሁ ጠብታውን ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣል አድርጉት፦ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ከሆነ ከውሃው ጋር ይዋሃዳል፣ የዲፈረንሻሉ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ጎማው በውስጥ በኩል ረጥቦ ስለታየ ብቻ ኦይል ሲል የሚገዛ ሰው ሞልቷል፤ ሲፈታ ጥፋተኛው የፍሬን ሲሊንደር ሆኖ ይገኛል። ከካምቢዮ ጭራ የሚወጣ ዘይትም ነፋስ እየገፋው መጥቶ ዲፈረንሻሉ ላይ ያርፋል።

ከዚያ አክስሉን (ዲፈረንሻሉንና የጎማ ዘንጎቹን የያዘውን የኋላ ድልድይ) በናፍታ አጥባችሁ፣ በፍሬን ማጽጃ አድርቃችሁ፣ የምትጠረጥሩት ቦታ ላይ ፓውደር ነስንሱና ትንሽ ነድታችሁት ተመለሱ። ዘይት ወደ ታችና ወደ ኋላ ስለሚሄድ ፈልጋችሁ የምትይዙት ከእርጥቡ ሁሉ ከፍ ያለውንና ወደፊት የቀደመውን ነጥብ ነው። የሚንጠባጠብበት ቦታ ምንም አይነግራችሁም። የፒኞን (ከፊት በኩል ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ባለ ጥርስ ዘንግ) ኦይል ሲል ደግሞ የራሱ ፊርማ አለው፦ ካርዳኑ (ከካምቢዮ የሚመጣው ረጅም ዘንግ) የሚታሰርበት ፍላንጅ እየዞረ ዘይቱን ስለሚረጨው፣ ልክ ከበላዩ ባለው ወለል ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ፣ አቧራ ይዞ የወፈረ ጥቁር መስመር ታገኛላችሁ። እሱን ካያችሁ ሌላ ቦታ ብዙ አትድከሙ።

አሁን ምንም ገንዘብ የማያስወጣው ነገር፦ መተንፈሻው። አክስሉ አናት ላይ ትንሽ ቆብ ያላት ወይም ቱቦ የተሰካባት ቀዳዳ አለች። ዲፈረንሻል ሲሰራ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየርም ይሰፋል፤ የሚወጣው በዚያች ቀዳዳ ነው። ጭቃ ከደፈናት አየሩ መውጫ ያጣና ዘይቱን በኦይል ሲሎቹ ከንፈር በኩል ይገፋዋል። ፒኞኑም፣ ግራና ቀኝ ጎማውም በአንድ ሰሞን ማፍሰስ ከጀመሩ "ሦስቱም አርጅተዋል" የሚላችሁን መካኒክ አትስሙት፤ መጀመሪያ መተንፈሻው ይፈታ። ከጉዞ መልስ የመሙያውን ታፖ ቀስ ብላችሁ ስታላሉት (ዘይቱ ትኩስ ነው፣ ፊታችሁን አርቁ) አየር ሲተነፍስ ከተሰማ መልሱን አገኛችሁ። በናፍታ አጥቦ በአየር መንፋት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ዝገት የያዛት ከሆነች ግን ትቀየር። ጭቃና ውሃ ውስጥ ለሚሰራ መኪና ቆቧን አንስቶ ቱቦ ሰክቶ ከፍ ወዳለ ቦታ ማውጣት፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከየትኛውም ውድ ኦይል ሲል በፊት የሚመጣ ወጪ ነው።

የዘይት መጠኑንም እዚያው እዩት። በአብዛኞቹ አክስሎች ልኩ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ ነው። ተዳፋት ላይ በቆመ መኪና ከልክ በላይ የተሞላ ከሆነ ትርፉ መውጫ ይፈልጋል።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ኦይል ሲል ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ፊቱ ላይ የተጻፉት ሦስት ቁጥሮች (ለምሳሌ 35-62-10) የውስጥ ስፋቱ፣ የውጭ ስፋቱና ውፍረቱ ናቸው፣ በሚሊሜትር። ከመኪናው አምራች ካርቶን ውስጥ የሚወጣውና እንደ ጃፓኑ ኤንኦኬ ያሉ የኦይል ሲል ፋብሪካዎች በራሳቸው ስም የሚሸጡት መካከል ለቆየ መኪና ያን ያህል ልዩነት አላይም፤ ስም የሌለውን ግን አልነካም። የላስቲኩ ዓይነት ላይ ብዙ ክርክር አለ። ተራው ናይትራይል 100 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ይሰራል፣ ቫይተን የሚባለው ደግሞ ወደ 200 ይደርሳል። ሙሉ ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት ለሚወጣ መኪና ፒኞን ላይ ቫይተኑ ዋጋውን ይመልሳል፤ ጎማ ዘንግ ላይ ግን ናይትራይሉ ይበቃል ባይ ነኝ። ፊቱ ላይ ቀስት ካለበት የመዞሪያ አቅጣጫው ነውና የግራውንና የቀኙን አታቀያይሩ። ስፕሪንግ ያለበት ፊት ሁልጊዜ ወደ ዘይቱ ነው። ከንፈሩን ዘይት ሳይቀቡ በደረቁ ማስገባት ገና በመጀመሪያው ዙር ያቃጥለዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። አሮጌው ኦይል ሲል ሲወጣ ከንፈሩ ያርፍበት የነበረውን የፍላንጁን ወይም የዘንጉን ፊት ጥረጉና ጥፍራችሁን አሻግሩበት። በዓይን የምታብለጨልጭ ቀለበት ብቻ ትመስላለች፤ ጥፍር ከያዘች ግን ቦይ ናት፣ አዲሱም ኦይል ሲል እዚያው ቦይ ላይ ያርፍና ያፈሳል። ሦስት አማራጭ አላችሁ። ፍላንጁን መቀየር፤ ከተገኘ ይህን የሚያህል የለም። እንደ ኤስኬኤፍ ስፒዲ ስሊቭ ያለ ስስ የብረት እጅጌ ማልበስ፤ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ስለሆነ የነበረው የኦይል ሲል ልክ አይቀየርም፣ ሳይጣመም ከገባም ዕድሜው ረጅም ነው። ሦስተኛው ቶርኖ ቤት ወስዶ በብየዳ አስሞልቶ ማስላጥ ነው። ይሄን የምመክረው ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ፊቱ በደንብ ካልለሰለሰ እንደ ሞረድ ላስቲኩን ይበላዋል።

የኋላ ክዳን ላለው አክስል የወረቀት ጓርኒሲዮን ወይስ ሲሊኮን? ክዳኑ ቀጥ ያለ ከሆነ ወረቀት፣ በመዶሻና በካቻቢቴ ተፈልቅቆ የተጣመመ ከሆነ ሲሊኮን። ሲሊኮኑ ግን ለዲፈረንሻል ዘይት የሚሆን መሆኑ የተጻፈበት ይሁን፤ ተራውን የዘይቱ ኬሚካል ያላላዋል። ሁለቱም ፊት ደረቅ ይሁን፣ መስመሩ በብሎን ቀዳዳዎቹ የውስጥ ጎን ይሂድ፣ ዘይቱም በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሰዓት ሳያልቅ አይሞላ። የድሮ ሃይሉክስ ላይ የሚፈታ የኋላ ክዳን ስለሌለ ወረቀቱ ወይም ሲሊኮኑ የሚገባበት ማያያዣ ከፊት በኩል ነው፤ እዚያ ሲያፈስ ፒኞን እየተባለ ይወቀሳል።

ዘይት ላይ አጭር ነኝ፦ አምራቹ ያዘዘው ጂኤል-5 የሚባለው ደረጃ፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 80ደብልዩ-90። ወደ ወፍራሙ 85ደብልዩ-140 ማሳደግ ማንጠባጠቡን ቢያዘገየውም የተቀደደ ከንፈር አይዘጋም። "ፍሳሽ አቁም" የሚባሉት ጠርሙሶች የደረቀ ላስቲክ ያለሰልሳሉ፤ ገበያ ደርሶ ለመመለስ ካልሆነ አልገዛቸውም።

ለማን እንስጥ የሚለው በሥራው ይወሰናል። መተንፈሻና ክዳን፣ እጅ ካላችሁ ራሳችሁ ሥሩት። የጎማው ኦይል ሲል ከሆነ አክስሉ ምን ዓይነት እንደሆነ እዩ። እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ያሉት ላይ ክብደቱን የሚሸከመው ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት መሃል) ነው፣ ዘንጉ ማዞር ብቻ ነው ሥራው፤ ብሎኖቹ ተፈትተው ይሳባል። ጥንቁቅ የሆነ ማንኛውም ጋራዥ ይሰራዋል፣ ኩሽኔታውን አጥብቆ እንዳያንቀው ብቻ ተከታተሉት። እንደ ሃይሉክስ ያሉ ፒካፖች ላይ ግን ዘንጉ ራሱ ጎማውን ይሸከማል፣ ኩሽኔታውም በፕረስ የገባ ነው። ጎማውን አንስታችሁ ላይና ታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታው ካልተቀየረ ኦይል ሲሉ አይቆይም። ፕረስ ወዳለው ቶርኖ ቤት ውሰዱት፤ በመዶሻ የሚያወጣውን ሽሹት። ኩሽኔታውን የሚይዘው ማቆያ ቀለበትም አዲስ ይሁን፣ አሮጌው ተመልሶ አይገባም።

ፒኞኑን ግን ዲፈረንሻል ላይ ብቻ ለሚሰራ ሰው ስጡ። የፍላንጁን ዳዶ ፈትቶ ማሰር ቀላል ይመስላል፤ ብዙ አክስሎች ላይ ግን ከውስጥ ሲጠብቅ የሚጨመቅ ቱቦ አለ፣ የኩሽኔታዎቹ ጥብቀት የሚለካው በእሱ ነው። ከልክ በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታው ይቃጠላል፣ ከላላ ፒኞኑ ይጮሃል። ሥራውን ከመስጠታችሁ በፊት "ስትፈታው ዳዶው የነበረበትን ምልክት ታደርጋለህ? የመዞሪያውን ጉልበት ትለካለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቁልፉ ላይ ቱቦ ቀጥሎ ጉልበቱን የሚያሳያችሁ ከሆነ አመስግናችሁ ሂዱ። የአምራቹ ወኪል ጋራዥ መለኪያውም መጽሐፉም አለው፤ ለቆየ መኪና ግን ብዙ ጊዜ ሙሉ ዕቃ ቀይር ይላል።

ኦይል ሲሉ ተቀይሮ ፍላንጁ መሃል ዳዶው ዙሪያ እርጥበት ለምታይ እህታችን፦ ዘይቱ ፍላንጁ ፒኞኑ ላይ በሚሰካባቸው ጥርሶች በኩል ነው የሚወጣው። ዳዶው ሲፈታ ጥርሶቹና ዋሸሩ ሥር ስስ ሲሊኮን ይቀባ፤ ሌላ ኦይል ሲል አትግዢ።

ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ በቤንዚን አጥቦ በእሳት ማድረቅ ይቻላል ወይ ላልከው ወንድሜ፦ አይሆንም። ላዩ ይደርቃል፣ ሲሞቅ ግን ዘይቱ ከውስጥ ይወጣል፣ መኪናውም ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የግራውንም የቀኙንም ቀይር፣ ታምቡሩን በፍሬን ማጽጃ እጠብ፣ አዲሱን ሸራ የምታስገባውም ኦይል ሲሉ ተቀይሮ መኪናው ተነድቶ ደረቅ መሆኑን ካየህ በኋላ ይሁን፤ እስከዚያ አሮጌው ላይ ሆነህ ያለ ጭነት፣ በዝግታ፣ ቅርብ ቦታ ብቻ ሞክረው።