የጭንቀት ሕመም ሕክምና በጎጃም ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ከደንበጫ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በእህል ንግድ የምተዳደር የ31 ዓመት ሰው ነኝ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ያለ አንዳች ምክንያት ልቤ በኃይል ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ በዚያች ሰዓት የምሞት ይመስለኛል። በቅርቡ በገበያ ቀን ጤፍ እያስመዘንኩ ሳለ ስለጀመረኝ፣ ሻጩን ገበሬ ሚዛኑ አጠገብ እንደቆመ ትቼው መጋዘን ገባሁና በጆንያዎቹ መካከል ተቀምጬ እስኪያልፍልኝ ጠበቅሁ። አሁን ከሕመሙ ይልቅ «መቼ ይነሣብኝ ይሆን» የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ሚኒባስ መሳፈርም ሆነ ለቅሶ ቤት መቀመጥ እየፈራሁ መጥቻለሁ።

አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ፤ ሌላው ጨጓራ አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ነርቭ ነው አለኝ። እናቴ ጠበል ግባ ትለኛለች፣ እምነቱም አለኝ። ጓደኛዬ ግን ይህ የጭንቀት ሕመም ስለሚመስል በንግግር የሚያክም ባለሙያ ፈልግ ብሎ መክሮኛል። እንዲህ ያለ ባለሙያ ጎጃም ውስጥ ይገኛል ወይስ የግድ አዲስ አበባ አማኑኤል መሄድ አለብኝ? መድኃኒት ከተጀመረ ዕድሜ ልክ ነው የሚባለውስ እውነት ነው? «አእምሮውን ታመመ» ተብሎ በከተማው እንዲወራብኝ አልፈልግም፤ ደንበኛ የሚያምነኝ በሰውነቴ ነውና።

መልስ፦ የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ከደብረ ማርቆስ

ወንድሜ፣ ሳልመረምርዎ ይህ ነው ብዬ መደምደም አልችልም። ነገር ግን የገለጹት ነገር ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ከምንለው ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ጥቃቱ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርስና ይበርዳል፤ ሰውነት አደጋ ሲያይ የሚያደርገውን ሁሉ አደጋ በሌለበት ማድረጉ ነው እንጂ በራሱ አይገድልም። ወደ ሕመም የሚለወጠው ግን እርስዎ እንዳሉት «መቼ ይነሣብኝ» የሚለው ስጋት ሲሰነብትና ሰውየውን ከሥራው፣ ከመንገዱ፣ ከወዳጅ ዘመዱ ሲያርቀው ነው።

አስቀድመው ግን ሰውነትዎን ይመርመሩ። በደጋው አገራችን የአንገት እንቅርት ብዙ መሆኑን ያውቃሉ፤ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ሲበዛም ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያልባል። ደም ማነስና የልብ ምት መዛባትም ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው፣ የሆርሞን፣ የደምና የልብ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። የታይፎይድና የታይፈስ ውጤት ለተባለው ግን ብዙ ዋጋ አይስጡት፤ በየክሊኒኩ የሚሠራው የደም ምርመራ ትኩሳት የሌለበትን ሰው እንኳ ሕመምተኛ ሊያስመስል ስለሚችል፣ በእርሱ ብቻ ተመርኩዞ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ደጋግሞ መውሰድ ጉዳት ነው። ቡናውንም ለጊዜው ቀነስ ያድርጉት፤ ጫትና ሲጋራ ካለ ደግሞ ሳይደብቁ ይንገሩ።

አዲስ አበባ መሄድ የግድ አይደለም። የደብረ ማርቆስ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ባሕር ዳርም የፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለ። ሳይካትሪስት (የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም) በሌለበት ቀን በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ ወይም በማስተርስ ደረጃ የተማረ ባለሙያ ያገኛሉ። «ሐኪም አጣሁ» ብለው እንዳይመለሱ አደራ እላለሁ፤ የጭንቀት ሕመምን ለመለየትና ለማከም እነዚህ ባለሙያዎች በቂ ዕውቀት አላቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ በደንበጫ ጤና ጣቢያ በኩል ሪፈር ያጽፉ፤ ደረጃውን ዘለው በቀጥታ ከመጡ ከኪስዎ ሊከፍሉ ነው።

ምስጢርን በተመለከተ፣ የነገሩንን ለቤተሰብም ሆነ ለአሠሪ አናወራም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣብዎ ቀን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሚያምኑት ሰው ነግረው አብረው ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

መልስ፦ መምህርት፣ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ በዚህ ሕመም ታክሜ የዳንኩ ነኝና በአእምሮ ሕክምና ነርሱ ምክር ላይ ስለ ንግግር ሕክምናው ልጨምር። መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው «ጠንከር በይ፣ ብዙ አታስቢ» ከማለት በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ይህ ምክር ነው እንጂ ሕክምና አይደለም፣ ምክሩንም ጎረቤት ሁሉ ሲሰጠኝ ነበር። ስለዚህ ባለሙያ ስታገኝ ሳታፍር ጠይቀው፦ ትምህርትህ ምንድን ነው? ጭንቀትን በኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (ሐሳብንና ድርጊትን በመለወጥ በሚያክም የንግግር ሕክምና) ታክማለህ? በስንት ጊዜ እንገናኛለን? በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከ12 እስከ 20 ለሚደርስ ጊዜ ያገናኝሃል፤ የቤት ሥራም ይሰጥሃል።

የእኔ የቤት ሥራ ደብተር መያዝ ነበር። ጥቃቱ ሲነሣ የት እንደነበርኩ፣ ምን እንዳሰብኩ፣ በመጨረሻም ምን እንደሆነ እጽፋለሁ። «ልቤ ሊቆም ነው» ብዬ የጻፍኩባቸው ገጾች ሁሉ መጨረሻቸው «አለፈ» የሚል ሆኖ ሳገኘው፣ ሐሳቡን እንደ ቀድሞው ላምነው አልቻልኩም። ቀጥላም ኋላ በዚህ መንገድ ያከመችኝ ሐኪም የትምህርት ቤቱን ደረጃ በፍጥነት እንድወጣና ልቤ ሲመታ ቁጭ ብዬ እንድጠብቀው አዘዘችኝ፤ የልብ ምት በራሱ አደጋ አለመሆኑን ሰውነቴ የተማረው ያን ጊዜ ነው። ለአንተም መጀመሪያ በቆመ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ፣ ኋላ እስከሚቀጥለው ፌርማታ፣ ኋላም እስከ ፍኖተ ሰላም እያሉ ማስለመድ ሊሆን ይችላል። የሸሸኸው ነገር ሁሉ እያደር ስለሚከብድ፣ የለቅሶ ቤቱን ነገር ከአሁኑ አትተወው፤ በር አጠገብም ቢሆን ተቀመጥ።

መድኃኒቱን ደግሞ ስለጠየቅህ፣ እኔ የወሰድኩት ፍሉኦክሰቲን ነው። ለመሥራት ሳምንታት ይወስዳል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱን ሊያባብሰው ስለሚችል ይህን ያልተነገረው ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ከተሻለህ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር እንድትቀጥል ይደረግና መጠኑ ቀስ በቀስ ተቀንሶ ይቆማል። በድንገት የሚያቆም ሰው ማዞርና መነጫነጭ ሊያገኘው ይችላል። ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ዳያዚፓም ገዝቶ መዋጥ ግን ፈጽሞ አትሞክረው፤ ወዲያው ያረጋጋል፣ እያደር ግን ሱስ ይሆናል።

መልስ፦ ቄስ፣ ከቢቸና

ልጄ፣ እናትህ ጠበል ግባ ማለቷ መልካም ነው፤ ጠበሉና ሐኪሙ ግን የሚጣሉ አይደሉም። ለመድኃኒት የሚያበቃ ዕውቀት የሰጠም እግዚአብሔር ነው። በአጥቢያዬ ለጠበል ሲሉ ክኒናቸውን ጥለው ሕመሙ የበረታባቸው ሰዎች አይቻለሁና፣ ጠበል የምትገባበትን ሰሞን ለሚያክምህ ነርስ ንገረው፣ መድኃኒት መውሰድህን ደግሞ ለንስሐ አባትህ። አባትህ ክኒኑን ጣል አይልህም፤ የሚልህ ቢኖር ሌላ አባት ጠይቅ። ፍርሃት ከእምነት ማነስ ነው የሚልህንም አትስማው፤ ጭንቀት የታመመ ሰው ኃጢአተኛ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከደንበጫ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሪፈር አጽፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ መድኃኒት ቢታዘዝልኝ፣ ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ እንዴት ነው የምወስደው?

መልስ፦ የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሲታዘዝልዎም ይህንኑ ቀድመው ይናገሩ። ፍሉኦክሰቲን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል፤ ስለዚህ ከጾሙ ጋር ማስማማት ይቻላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፈቱ ያን ጊዜ ይዋጡት፣ በየቀኑም ሰዓቱን አይቀያይሩት። በጣም አምሽተው ከወሰዱት ግን እንቅልፍ ሊነሣዎ ይችላል። ሲመጡ የመድን ደብተርዎን፣ የሪፈር ወረቀቱን፣ እስካሁን የተሰጠዎትን መድኃኒት ስም የያዘ ማዘዣ ወይም ባዶውን ካርቶን ጭምር ይዘው ይምጡ፤ ጥቃቱ ሲነሣብዎ አብሮዎት የነበረ ሰው ካለም አብሮ ቢመጣ ምርመራውን ያቀልልናል።