ባህር ዳር ላይ ቤት ለምትፈልጉ፦ ከዋጋው በፊት የምለው አለኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣

ስዊድን፣ ኡፕሳላ ያለኸው ወንድማችን «ጡረታዬን ይዤ ባህር ዳር ልገባ ነው፣ ሽንብጥ ወይም ቀበሌ 14 አካባቢ ግቢ ያለው ቤት በስንት ይገኛል?» ብለህ ጠይቀሃል። ዋጋውን አጣርቼ እነግርሃለሁ። ግን ከስቶክሆልም ተመልሼ እዚህ በኪራይ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ሆዴ ውስጥ የሚብላላ ነገር አለና ያንተን ጥያቄ ምክንያት አድርጌ ልተንፍሰው። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አንተ ቤት አታጣም። የስዊድን ክሮና የያዘ ሰው እዚህ ከተማ በቤት ሲቸገር አላየሁም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ወጥቷል፤ ያንተም ጡረታ አብራ ወጥታለች። ዘይቱም፣ ሲሚንቶውም፣ ኪራዩም እንደዚያው። ወደ ኋላ የቀረው ደመወዝተኛው ነው። ደመወዝ አልተጨመረም አልልም፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ በዲግሪ ለሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻው 11,500 ብር ሆኗል። ግን ጭማሪው ገና በሬዲዮ ሲነገር ነው አከራዩ በር ያንኳኳው።

ከአጥሬ ማዶ አንዲት አስተማሪ ትኖራለች። ግቢው ውስጥ ባንድ ረድፍ የተሠሩ ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ ግድግዳቸው ጭቃ፣ ኮርኒሳቸው የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተወጠረ። ቆጣሪው አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱም አንድ ነው። እንጀራ የሚጋገረው በተራ ነው፣ ሁለት ምጣድ ከተሰካ መብራቱ ይጠፋልና። እሷና ባሏ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አንዷ ክፍል ውስጥ ናቸው። አልጋው በመጋረጃ ተከልሏል፤ ከመጋረጃው ወዲህ ልጆቹ ያጠናሉ፣ እሷም እዚያው የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። ለዚህች ክፍል ከደመወዟ ግማሽ ያህሉ ይሄዳል። ነሐሴ ላይ የአከራዩ ልጅ መጥቶ «አባዬ ከመስከረም ጀምሮ ጨምሩ ብሏል፣ ካልሆነ ሌላ ሰው አለ» አላት። ውል የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ሌላ ቤት ፍለጋ ብትወጣ ደላላው ገና ከሰላምታው «ስንት ልጅ አላችሁ?» ይላታል። ረከስ ያለ የተገኘው ከከተማው ዳር ዘንዘልማ ነበር፤ ከዚያ ትምህርት ቤቷ ድረስ ያለው የባጃጅ ወጪ ልዩነቱን ይበላዋል፣ ባጃጅ በጸጥታ ምክንያት የታገደ ቀን ደግሞ በእግር ነው። አልሄደችም፣ ጨምራ ቀረች። የጨመረችው ከልጆቹ ምግብ ቀንሳ ነው።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልግባ፤ ይህ ከፖለቲካ ውጪ የሚታይ ጉዳይ ነው ብዬ አላምንም። እኔ ግራ ዘመም ነኝ፣ ዱሮም አሁንም። በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ የወጡበትን ቀን በአክብሮት ከሚያነሱት ወገን ነኝ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፣ ኪራይም በአዋጅ ተቀነሰ። ይህን ሳነሳ ደርግን እያወደስኩ አይደለም። የዚያ ጥያቄ ባለቤት የነበሩትን ወጣቶች፣ ኢሕአፓውንም መኢሶኑንም፣ ቀይ ሽብር እንዴት እንደጨረሳቸው ከኛ ቤተሰብ የማያውቅ የለም። አዋጁ ግን አንድ ነገር ተናግሯል፦ ቤት የነጋዴ ሸቀጥ ብቻ መሆን የለበትም። የቀበሌ ቤት የምንለው ከዚያ የመጣ ነው፤ ዛሬም ባህር ዳር ላይ በቀበሌ ቤት ያረጁ እናቶች አሉ፤ ቤቱ ዘሟል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ግን ማንም «ከመስከረም ጀምሮ» ብሎ አይመጣባቸውም።

ከዚያ በኋላ ማን ሠራ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እሰየው። የሊዝ አዋጁ 721/2004 ደግሞ የመኖሪያ ቦታን እስከ 99 ዓመት በጨረታ ወይም በምደባ ይሰጣል። በጨረታ ሲሆን የሚያሸንፈው ብር ያለው ነው። ማዘጋጃ ቤት በጀቱን የሚሞላው በሊዝ ገቢ ከሆነ፣ መሬት እንዲረክስ የሚሠራው የትኛው ሹም ነው? እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። መሬቱን ከባላባት የወሰድነው ለሕዝብ ብለን ነበር፤ አሁን መንግሥት ራሱ ከባላባቱ የበረታ ባለርስት ሆኖ ቁጭ ብሏል። ሰባታሚትና ዘንዘልማ ያለው ገበሬ ካሣ ተቀብሎ ማሳውን ይለቃል፤ ካሣው ያልቃል፤ ልጁ በዚያው በአባቱ ማሳ ላይ በሚሠራው ሕንጻ ሲሚንቶ ይሸከማል፣ ማታ የሚገባው ተከራይቶ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው በማኅበር ተደራጅቶ በዝግ ሂሳብ ቆጥቦ ቦታ ይጠብቃል፤ እስኪደርሰው ድረስ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ቁጠባውን ይቀድመዋል።

ታዲያ ይህን የእኔ ጉዳይ ነው የሚል ፓርቲ አለ? በ2013 ምርጫ ብልጽግና ከ436 ወንበር 410ሩን ወሰደ። ተቃዋሚውም ቢሆን ክርክሩ ስለ ማንነት፣ ስለ ወሰን፣ ስለ ባንዲራ ነው። የአማራን ሕዝብ በደል እያቃለልኩ አይደለም፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ይህ ክልል ያየውን እዚህ ሆኜ አይቻለሁ። ኢንተርኔት ተዘግቶ ልጆቻችሁ ድምፃችንን ያጡበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ግን ጦርነቱም ቢሆን ወደ ኪራይ ይመጣል፤ ከገጠሩና ከትናንሽ ከተሞች ሸሽቶ የመጣው ሁሉ ባህር ዳር ውስጥ ያንኑ ጭቃ ክፍል ነው የሚፈልገው። የሚተኩሱት ሲደራደሩም ሆነ ሳይደራደሩ፣ ስለ ደመወዝተኛው ማንም ጠረጴዛ ላይ የሚያወራ የለም። ግንቦት 2017 ሐኪሞች በደመወዝ ምክንያት ሥራ ሲያቆሙ ታሰሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ጽፏል፣ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ኢሠማኮም ይጠይቃል፤ እስካሁን ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከ1953 ጀምሮ ሠራተኛ ባበዛበት ከተማ ስለ ወዛደር የሚናገር ድምፅ ጠፍቷል፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም።

አንድ ጥሩ ሕግ ወጥቷል፣ እሱን ልናገር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ በተወሰነው መጠን ብቻ ይሁን ይላል። በክልል ከተሞች የት ይተግበር የሚለው ለክልሎቹ የተተወ ነው። እኔ በማውቃቸው ግቢዎች የሁለት ዓመት ውል የያዘ ተከራይ እስካሁን አላጋጠመኝም። በ2017 ደግሞ የውጭ ዜጋ ቢያንስ 150,000 ዶላር ይዞ ቤት እንዲገዛ ተፈቅዷል። ለዶላሩ በር ተከፈተ፣ የተከራዩ ሕግ ግን የክልል ፈቃድ ይጠብቃል።

እኔም ለትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ነው ያለኝ፣ እንደ አብዛኞቻችሁ። በአዋጅ 270/1994 ቤት መግዛት እችላለሁ፣ ያለ ፈቃድ መሥራት እችላለሁ፣ መምረጥ አልችልም። ስለዚህ ድምፃችን ያለው በምንዛሪያችን ነው፤ እሱን ደግሞ እያየሁት ነው። በዲያስፖራ ስም ተሰጥተው ታጥረው የተቀመጡ ቦታዎች አሉ። በአንዱ በኩል በየቀኑ አልፋለሁ፤ ቆርቆሮ አጥር፣ ውስጡ ሣር፣ ጥግ ላይ የዘበኛው ቤተሰብ የሚያድርበት ጎጆ። ባለቤቱ የት እንዳለ እሱም አያውቅም።

እባካችሁ፣ ለዲያስፖራ ስብሰባ ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር «ለቪላ ቦታ ስጡን» አንበል። «የከተማው መሬት ላይ ለደመወዝተኛ የሚከራይ የሕዝብ ቤት መቼ ትሠራላችሁ?» እንበል። ስዊድን በፈረንጆቹ ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን መኖሪያ ሠርታለች፤ ብዙዎቻችን ስንገባ የተጠለልነው በነዚያ ሕንጻዎች ነው። ዛሬ እዚያም ወረፋው ረዝሟል፣ ሁለተኛ እጅ ኪራይ (ከተከራይ ላይ መከራየት) ስንቱን እንዳስለቀሰ አውቃለሁ። ቢሆንም አከራይ ብቻውን ተነስቶ ዋጋ አይቆርጥም፤ የተከራዮች ማኅበሩ ይደራደራል።

መልስ፣ ከኡፕሳላ

እህቴ፣ ጻፍሽው። ዝም ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ግን ሀብታም አይደለሁም፤ አውቶቡስ ስነዳ የኖርኩ ሠራተኛ ነኝ። አገሬ ልግባ ማለቴ ኃጢአት ሊሆን አይገባም። ደግሞ በአንድ ነገር አልስማማም። መሬት የግል ቢሆን ሰው እንደ ልቡ ሠርቶ ያከራይ ነበር፣ ቤት ሲበዛ ዋጋ ይረግባል። ችግሩ መንግሥት መያዙ ነው። ለመሆኑ እኔ ምን ላድርግ? ልቅር?

መልስ፣ ከባህር ዳር፣ ቀበሌ 11 (ልጃቸው የጻፈላቸው)

ልጄ፣ እኔም አከራይ ነኝ። ባለቤቴ ፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ ጥሎኝ ሄደ። የጡረታው ብር ለጤፍ አይበቃም። ሁለት ክፍል አከራይቼ ነው የምኖረው፣ ከሷም ግብር እከፍላለሁ። ዘይት ሲጨምር እኔ ካልጨመርኩ በምን ልብላ? አከራይ ሁሉ ክፉ አይደለም። ተከራዮቼን እንደ ልጆቼ ነው የማያቸው፣ ሲታመሙም አብሬ አድራለሁ።

የመጀመሪያዋ ጸሐፊ መልስ

እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ልክ ነዎት፣ እርስዎን የሚነካ ነገር አልተናገርኩም ብዬ አልከራከርም፤ የተናገርኩት ግን ለእርስዎም ነው። የጡረታ ብርዎ ለጤፍ ቢበቃ ኖሮ ከተከራይዎ ኪስ ጋር ባልተያያዙ ነበር። እርስዎና አስተማሪዋ አንድ ወገን ናችሁ። ሕጉም ጭማሪ አይከለክልም፤ በዓመት አንዴ በታወቀ መጠን ይሁን ነው የሚለው። ያ ለእርስዎም ይሻላል፣ በየወሩ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ከመጨቃጨቅ ያድናል።

ወንድሜ፣ ና እንጂ፣ ማን ቅር አለህ! ስለ መሬቱ ግን አልለወጥም። ዛሬ የሊዝ መብት በእጅ አዙር እየተሸጠ ነው፤ ዋጋው ሲወርድ አላየንም። መሬት በግልጽ ቢሸጥ መጀመሪያ የሚሸጠው የተራበው የሰባታሚት ገበሬ ነው፣ መጀመሪያ የሚገዛውም ከአንተም ከእኔም በላይ ዶላር ያለው። ጥፋቱ መሬት የሕዝብ መሆኑ ሳይሆን ሕዝብ ሹሙን የሚጠይቅበት መንገድ መታጣቱ ነው።

ምን ላድርግ ላልከው፦ ስትከራይ የተባልከውን ዋጋ ዝም ብለህ አትክፈል፣ ሠፈሩ በሚከፍለው ተደራደር፤ አንዱ በዶላር ሂሳብ ሲከፍል በማግስቱ የግቢው ሁሉ ይጨምራል። ውሉን ሕግ ባያስገድድህም በአዋጅ 1320 መሠረት በጽሑፍ አድርገው። ቤት የምትሠራ ከሆነ ደግሞ አንድ ሁለት ክፍል ለአስተማሪ ወይም ለነርስ በሁለት ዓመት ውል አከራይ።

ሌላው፣ የአስተማሪዋ ግቢ ተከራዮች እሑድ ቡና ላይ ሊሰበሰቡ ነው። ለክልሉ ምክር ቤት፣ አዋጁ ባህር ዳር ላይ ይተግበርልን የሚል ደብዳቤ ለመጻፍ አስበዋል። ፈርተዋል፤ በዚህ ጊዜ ስብሰባ የሚባል ነገር ሁሉ ያስፈራል፣ አልፈርድባቸውም። መደራጀት ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 የተፈቀደ ነው። ስዊድን ያላችሁ፣ የተከራዮች ማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ወደ አማርኛ የምትመልሱልን ካላችሁ ጻፉልኝ። አባልነት እንዴት እንደሚከፈልና ከአከራይ ጋር የሚደራደረው ማን እንደሆነ የሚናገረው ክፍል ይቅደም፤ መጀመሪያ የጠየቁኝ እሱን ነው።